ሃርድ ዲስኩ ተቀየረ፤ የፋብሪካው ዊንዶውስ የት ገባ?

ድሬዳዋ ውስጥ የተንቀራፈፈ ላፕቶፕ ይዞ ጥገና ቤት የሚገባ ሰው ዛሬ ዛሬ የሚሰማው ምክር አንድ ዓይነት ነው። «አቦ፣ ሃርድ ዲስኩ ይውጣና ኤስኤስዲ ይግባለት።» ኤስኤስዲ ማለት ከሃርድ ዲስክ እጅግ የሚፈጥን ዲስክ ነው፤ ምክሩ ትክክል ነው። ስምንትና አሥር ዓመት ያገለገለ ላፕቶፕ እንኳ ኤስኤስዲ ሲገባለት ነፍስ ይዘራል። ለመነሳት ብዙ ደቂቃ ይፈጅበት የነበረው ማሽን ወዲያው ይከፈታል።

ችግሩ ከዲስኩ ጋር አብሮ የሚወጣው ነገር ነው። አሮጌው ዲስክ ላይ ፋብሪካው ያስቀመጠው ሪከቨሪ ፓርቲሽን፣ ማለትም ለማገገሚያ ተለይቶ የተከፈለ የዲስክ ክፍል፣ ሊኖር ይችላል። ላፕቶፑን ከካርቶን ወደወጣበት ቀን የሚመልሰው እሱ ነው። አዲሱ ዲስክ ግን ባዶ ነው። ጠጋኙ ፍላሹን ይሰካል፣ ዊንዶውስ ይጭናል፣ በክራክ (ፈቃድ ያለው በሚያስመስል ሕገ ወጥ ፕሮግራም) አክቲቬት ያደርጋል፣ አለቀ። ባለቤቱ ሕጋዊ ዊንዶውስ ይዞ ገብቶ በክራክ የተከፈተ ይዞ ይወጣል። ብዙውን ጊዜ ደግሞ አያውቀውም።

ጉዳዩ አሁን የተባባሰው በዊንዶውስ 10 ምክንያት ነው። ማይክሮሶፍት ለዚህ ዊንዶውስ የሚሰጠውን ነፃ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል። በኢንቴል በኩል፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ገበያችን ውስጥ ግን የ4ኛ፣ የ5ኛና የ6ኛ ትውልድ ላፕቶፕ ሞልቷል። ባለቤቶቻቸው አዲስ መግዛት ስለማይችሉ ያለውን ያድሳሉ። ማደስ ማለት ደግሞ ዲስክ መቀየር ሆኗል።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ሪከቨሪ ፓርቲሽንን ወደ አዲስ ዲስክ ማዛወር ይቻላል። ለአብዛኛው ሰው ግን ድካሙን አያህልም። ከእሱ በፊት መዳን ያለባቸው ነገሮች አሉ፤ እነሱን ግን የሚጠይቅ የለም።

ሁለት ዓይነት ሪከቨሪ

የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና ኤክስን አንድ ላይ ተጫኑና ዲስክ ማኔጅመንትን ክፈቱ። «እኔ ሲ ድራይቭ ብቻ ነው ያለኝ» የሚል ሰው እዚህ ጋ ይገረማል። ዲስኩ ሦስትና አራት ቦታ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ተከፋፍሏል። ዊንዶውስ 8 ከወጣበት ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ በተሠሩ ላፕቶፖች ላይ መጀመሪያ አካባቢ 100 ወይም 260 ሜጋባይት የምትሆን ማስነሻ ክፍል አለች። ከዚያ ሲ አለ። ከሲ ፊት ወይም ኋላ ከ500 ሜጋባይት እስከ 1 ጊጋባይት የምትደርስ ሪከቨሪ የሚል የተጻፈባት ክፍል ትታያለች። አንዳንዱ ላይ ደግሞ ዳር ላይ ከ10 እስከ 20 ጊጋባይት የሚይዝ ሌላ ትልቅ ክፍል አለ።

ትንሿ የማይክሮሶፍት ናት። ዊንዶውስ አልነሳ ሲል የሚመጣው ሰማያዊ የጥገና ገጽ ያለው እሷ ውስጥ ነው። ዊንአርኢ ይሏታል። ትልቁ የአምራቹ ነው፤ የኤችፒ፣ የሌኖቮ፣ የኤሰር፣ የቶሺባ። ውስጡ ላፕቶፑ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ዊንዶውስ ሙሉ ቅጂ አለ። ድራይቨሮቹም፣ ማለትም ዋይፋይን የመሳሰሉ ክፍሎችን የሚያሠሩት ፕሮግራሞች፣ አሉ። ማንም ያልጠየቀው የሙከራ አንቲቫይረስ ሳይቀር አብሮ ተጨምቆ ተቀምጧል።

ኤችፒ ላይ ይህ ትልቁ ክፍል ብዙ ጊዜ ዲ ድራይቭ ሆኖ በግልጽ ይታያል። ሰው ትርፍ ቦታ ይመስለውና ፊልም ይጭንበታል። ከዚያ ኮምፒውተሩ «ቦታ ሞልቷል» እያለ ሲነዘንዘው ፊልሙንም የፋብሪካውንም ፋይል አንድ ላይ ጠራርጎ ያጠፋል። እንዲህ ያለው ላፕቶፕ ዲስኩ ሳይቀየርም ሪከቨሪ የለውም።

ልዩነቱን ማወቅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ትንሿን ለማዳን ክሎን ማድረግ፣ ማለትም ዲስኩን እንዳለ መገልበጥ፣ እንኳ አያስፈልግም። ሪኤጀንትሲ የሚባል ትእዛዝ ዊንዶውስ ውስጥ አለ፤ ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተርነት ከፍቶ መጠቀም ነው። ይህ ትእዛዝ «ዲስኤብል» ሲባል የማገገሚያውን ፋይል ከትንሿ ክፍል አውጥቶ ሲ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ሲን ወደ አዲሱ ዲስክ ብትወስዱ ፋይሉ አብሮ ይሄዳል። አዲሱ ላይ ከሲ ኋላ 1 ጊጋባይት ያህል ክፍል ትከፍታላችሁ፣ ዓይነቱን ሪከቨሪ ታደርጋላችሁ፣ «ኢኔብል» ስትሉት ራሱ ገብቶ ይቀመጣል። ክፍል ባትከፍቱለትም ሲ ላይ ሆኖ ይሠራል።

እንዲያውም አሮጌዋን ትንሿን ክፍል እንዳለች መገልበጥ ላይጠቅም ይችላል። በጃንዋሪ 2024 ማይክሮሶፍት ኬቢ 5034441 የተባለ የደኅንነት ማሻሻያ ለዊንዶውስ 10 ሲለቅ ብዙ ኮምፒውተሮች ላይ አልጫን አለ። ምክንያቱ የዊንአርኢ ክፍል ጠባብ መሆኗ ነበር፤ ማሻሻያው 250 ሜጋባይት ነፃ ቦታ ይፈልጋል። 500 ሜጋባይቷን እንዳለች አዲስ ዲስክ ላይ መለጠፍ ያንኑ ጥበት ይዞ መሄድ ነው።

ዋናው ጥያቄ ያለው ትልቁ ላይ ነው።

መጀመሪያ መኖሩን እዩ

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ የሚሸጥ ያገለገለ ላፕቶፕ ታሪኩ ረጅም ነው። አብዛኛው ውጭ አገር መሥሪያ ቤት ውስጥ ሲያገለግል ቆይቶ፣ በነጋዴ እጅ ተዘዋውሮ የመጣ ነው። መሥሪያ ቤቶች ላፕቶፕ ሲያስወግዱ መረጃ እንዳይወጣባቸው ዲስኩን ያጸዳሉ፤ ወይም ጭራሽ አውጥተው ያስቀሩታል። የሚያድሰው ነጋዴ ሌላ ዲስክ ገጥሞ ንጹሕ ዊንዶውስ ይጭንበታል። ስለዚህ «ፋብሪካ ሪከቨሪ» እያላችሁ ከመጨነቃችሁ በፊት ዲስክ ማኔጅመንት ላይ ትልቁ ክፍል መኖሩን አረጋግጡ። ከሌለ የሚዛወር ነገር የለም።

ካለም ውስጡ ያለው ምን ቋንቋ እንደሚናገር አስቡ። የፋብሪካው ቅጂ የሚሠራው ላፕቶፑ ሊሸጥበት ለታሰበው አገር ነው። ከጀርመን የመጣው ወደ ፋብሪካ ይዞታው ሲመለስ ጀርመንኛ ይሆናል። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የመጣው ዓረብኛ ሊሆን ይችላል፤ ድሬ ላይ ይሄኛው ብዙ ሰው ላያስቸግር ይችላል። ቋንቋውን ከኢንተርኔት መቀየር አብዛኛውን ጊዜ ይቻላል። ነገር ግን «ሲንግል ላንጉጅ» የሚባለው የዊንዶውስ ዓይነት ከተጫነበት ከተሠራበት ቋንቋ ንቅንቅ አይልም። ይህን ከአንድ ዲስክ ወደ ሌላ ለማዛወር ሙሉ ቀን የሚደክም ሰው ምን እያዳነ እንደሆነ ቆም ብሎ ቢያየው ጥሩ ነው።

ኮፒው ገብቶ ቁልፉ ለምን ዝም ይላል?

ሪከቨሪውን ያገኘ ሰው ቀጥሎ የሚገጥመው ይህ ነው። ፓርቲሽኑን ገልብጧል። አዲሱ ዲስክ ላይ በዓይኑ ያየዋል። ላፕቶፑን አጥፍቶ ሲያስነሳ ሪከቨሪውን የሚጠራውን የኪቦርድ ቁልፍ ይጫናል። ምንም የለም።

ቁልፉ እንደ አምራቹ ይለያያል። ኤችፒ ላይ ኤፍ 11 ነው። አሱስ ላይ ኤፍ 9። ኤሰር ላይ አልት እና ኤፍ 10። ቶሺባ ላይ ሲነሳ 0 ቁጥርን ተጭኖ መያዝ። ብዙ ሌኖቮዎች ላይ ደግሞ በመርፌ የምትነካ ትንሽ ቀዳዳ ወይም ቁልፍ ጎን ላይ አለች። ተጠቃሚው ቁልፉ በቀጥታ ሪከቨሪውን የሚከፍት ይመስለዋል። በመሃል ግን ሌላ ሰንሰለት አለ።

በድሮዎቹ፣ ማለትም በኤምቢአር አሠራር በተከፋፈሉ ዲስኮች ላይ፣ አንዳንድ አምራቾች የዲስኩን የመጀመሪያ ሴክተር (ትንሽ የመረጃ ክፋይ) የራሳቸው አድርገውታል። ቁልፉ ሲነካ አዳምጦ ወደ ሪከቨሪው የሚመራው እዚያ ያለው ትንሽ ኮድ ነው። ዊንዶውስን በፍላሽ አዲስ ስትጭኑ ያ ሴክተር በማይክሮሶፍት ተራ ኮድ ይተካል። ክፍሉ አለ፣ የሚጠራው ግን የለም። በዚህ አሠራር እያንዳንዱ ክፍል የዓይነት ኮድም አለው፤ የተደበቀ ሪከቨሪ 27 የሚል ኮድ ይይዛል። ኮዱ ከተቀየረ ዊንዶውስ ተራ ድራይቭ አድርጎ ፊደል ይሰጠዋል።

በአዲሶቹ፣ ማለትም በጂፒቲ አከፋፈልና በዩኢኤፍአይ ማስነሻ በሚሠሩት ላይ፣ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ የሆነ ረጅም መለያ ቁጥር አለው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የማስነሻ ዝርዝር ክፍሎችን የሚያውቃቸው በዚህ ቁጥር ነው። የዊንዶውስ የማገገሚያ ማስታወሻ ፋይልም ክፍሉ ዲስኩ ላይ ከስንተኛው ባይት እንደሚጀምር ጭምር መዝግቦ ይይዛል። ፓርቲሽኑን ለብቻው ገልብጣችሁ ሌላ ቦታ ስታስቀምጡት መለያውም መነሻውም ይቀየራል። ቤት ቀይሮ አዲሱን አድራሻ ለማንም እንዳልነገረ ሰው ይሆናል፤ አለ፣ ግን የሚያገኘው የለም።

ለዚህ ነው ፓርቲሽን በፓርቲሽን ከመገልበጥ ሙሉውን ዲስክ ክሎን ማድረግ የሚሻለው። ክሎንዚላና ሬስኪውዚላ ነፃ ናቸው፤ ፍላሽ ላይ ጭኖ ከፍላሹ ማስነሳት ነው። ሙሉ ዲስክ ክሎን ሲደረግ የመጀመሪያው ሴክተርም፣ የክፍሎቹ ሰንጠረዥም፣ መለያ ቁጥሮቹም አብረው ይሄዳሉ። ቁልፉም የመሥራት ዕድሉ ሰፊ ይሆናል።

እዚህ ላይ መጠን ይመጣል። ድሬ ላይ የሚወጣው አሮጌ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ 500 ጊጋባይት ነው፤ ዊንዶውስ 465 ብሎ ያሳየዋል። የሚገባው ኤስኤስዲ ደግሞ ኪስ በሚፈቅደው መጠን 240 ወይም 256 ነው፤ 223 ወይም 238 ሆኖ ይታያል። ክሎንዚላ አዲሱ ዲስክ ካሮጌው ካነሰ፣ ልዩ ትእዛዝ ካልሰጣችሁት፣ አልሠራም ይላል። አሮጌው ላይ ያለው መረጃ 80 ጊጋባይት ብቻ ቢሆንም ለውጥ የለውም። መጀመሪያ ሲን ማጥበብ ያስፈልጋል። ከዚያ ዳር ላይ የተቀመጠውን ሪከቨሪ ጂፓርትድ በሚባል የዲስክ ክፍሎች ማስተካከያ ፕሮግራም ወደ ውስጥ መሳብ አለባችሁ። መነሻው ተቀየረ ማለት ነው። ስለዚህ ቅድም ያልነው የዊንአርኢ ማስተካከያ እንደገና ይመጣል፤ የአምራቹ ቁልፍም ላይመልስ ይችላል። እኩል ወይም የሚበልጥ ዲስክ የገዛ ሰው ከዚህ ሁሉ ይድናል። 512 ጊጋባይት ያለው ኤስኤስዲ የ500ውን ዲስክ እንዳለ ይውጠዋል።

ክሎን ከመጀመሩ በፊት አንድ ነገር መታየት አለበት፤ ቢትሎከር የሚባለው የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ። አንዳንድ ላፕቶፖች ባለቤቱ ሳያውቅ ዲስኩን ቆልፈውታል። 48 አኃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር በማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ። ከዚያ ቢትሎከሩን አጥፍታችሁ ሥራውን ጀምሩ።

ሙቀቱ፣ መብራቱ፣ እና እየሞተ ያለ ዲስክ

ድሬ ላይ ዲስክ ተበላሸ ሲባል ሁሉም ሙቀቱን ይወነጅላል። በግንቦትና በሰኔ ከ35 ዲግሪ የሚያልፍ ቀን ለሚያይ ከተማ ይህ አያስገርምም። ላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ግን አብዛኛውን ጊዜ እስከ 60 ዲግሪ ድረስ እንዲሠራ ታስቦ ነው የሚመረተው። የጎግል መሐንዲሶችም በ2007 እ.ኤ.አ. ከ100 ሺህ በላይ ዲስኮችን አይተው፣ ሙቀትና ብልሽት እንደሚታሰበው ጥብቅ ዝምድና እንደሌላቸው ጽፈዋል። ሙቀቱ የጎዳው በጣም ከፍ ሲልና ዲስኩ ሲያረጅ ነው። ሐረር ያለ ላፕቶፕ ከድሬው ይልቅ ቀዝቅዞ ቢውልም ዲስኩ ማርጀቱ አይቀርም። እርግጥ ፍራሽ ላይ አስቀምጦ የአየር መውጫውን መድፈን ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ሐረርም ሆነ ድሬ ያው ነው።

እኔ ይበልጥ የምጠረጥረው የሞተ ባትሪን ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ ባትሪው አብዛኛውን ጊዜ ደክሟል። ብዙ ሰው ከሶኬት ሳይነቅል ይጠቀምበታል። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ እንደ ዴስክቶፕ ድርግም ይላል። ዲስኩ እየጻፈ በነበረበት ቅጽበት ከሆነ ፋይሉ በግማሽ ይቀራል፣ የፋይል ሰንጠረዡም ይዛባል። ይህ በሳምንት ደጋግሞ ሲመጣ ዊንዶውስ አልነሳ ይላል። ሪከቨሪ የሚታወሰውም ያን ቀን ነው። ኤስኤስዲ ማስገባት ፍጥነቱን እንጂ ይህን አያስተካክልም፤ ኤስኤስዲም በድንገተኛ መጥፋት ይጎዳል። ስለዚህ ለዲስክ የሚወጣው ገንዘብ ላይ ትንሽ ተጨምሮ ባትሪውም ቢታይ አይከፋም።

ዲስኩ በአካል መሞት ከጀመረ ደግሞ ነገሩ ይለወጣል። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ክፈቱና ቀለሙን እዩ። ቢጫ ወይም ቀይ ካሳየ፣ ወይም ዲስኩ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ካለው፣ ስለ ሪከቨሪ ፓርቲሽን መጨነቅ አቁሙ። በቅድሚያ ፎቶው፣ የመመረቂያ ጽሑፉ፣ የሱቁ ሂሳብ ይውጣ። እንዲህ ያለ ዲስክ ላይ ተራ ክሎን ማድረጊያ የተበላሸ ሴክተር ሲገጥመው ያቆማል ወይም እዚያው ላይ ይፍጨረጨራል። ዲዲሬስኪው የሚባለው የሊኑክስ መሣሪያ ግን መጀመሪያ ጤነኛውን ይገለብጣል፣ የተበላሸውን መዝግቦ ያልፋል፣ በኋላ ተመልሶ ይሞክራል። ጠጋኛችሁ ይህን የሚያውቅ ከሆነ እጃችሁ ላይ ጥሩ ባለሙያ አለ።

እና ያዋጣል?

ዊንዶውስ 7 ዘመን ላይ ብንሆን ኖሮ አዎ እል ነበር። ያኔ የፋብሪካው ክፍል ከጠፋ ላፕቶፑን ወደ ሕጋዊ ዊንዶውስ መመለሻው መንገድ ጠባብ ነበር። የምርት ቁልፉ ላፕቶፑ ሆድ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ላይ ነበር፤ ወረቀቱ ደግሞ በላብና በፍትጊያ ይጠፋል። ዛሬ ያ ክፍል የሚመልሳችሁ በጃንዋሪ 2020 ድጋፉ ወደቆመ ዊንዶውስ ነው። ዊንዶውስ 8.1ም በጃንዋሪ 2023 ቆሟል። እነዚህን በድካም አዛውሮ መመለስ በር የሌለው ቤት ውስጥ ገብቶ ማደር ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ደግሞ የአምራቹ ክፍል ዋና ሥራው ተወስዶበታል። ዊንዶውስን እንደ አዲስ የሚያስጀምረው «ሪሴት ዚስ ፒሲ» የፋብሪካውን ቅጂ አይፈልግም። ሲ ውስጥ ካሉት የራሱ የዊንዶውስ ፋይሎች ራሱን መልሶ ይሠራል። ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባሉት ደግሞ ከኢንተርኔት አውርዶ መሥራትም ይችላል፤ ወደ 4 ጊጋባይት ይበላል። ሪከቨሪ ፓርቲሽኑ ተርፎ የሚጠቅመው ለድራይቨሮቹና ለአምራቹ ልዩ ፕሮግራሞች ነው።

ፈቃዱስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተሳስቷል፤ ጠጋኞችም ጭምር። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ አምራቾች የምርት ቁልፉን የሚጽፉት ማዘርቦርዱ ላይ፣ ኮምፒውተሩን በሚያስነሳው ባዮስ ውስጥ ነው። ዲስኩ ቢወጣ፣ ቢቃጠል፣ ቢሸጥ ቁልፉ እዚያው ነው። የዊንዶውስ 10 ዲጂታል ላይሰንስም ማይክሮሶፍት ዘንድ የተመዘገበው በዋናነት በማዘርቦርዱ ነው። ዲስክ መቀየር ፈቃድ አያጠፋም።

ታዲያ ለምን ክራክ ይደረጋል? ምክንያቱ የዊንዶውሱ ዓይነት አለመግጠም ነው። ባዮሱ ውስጥ ያለው ቁልፍ የዊንዶውስ ሆም ነው እንበል። የጠጋኙ ፍላሽ ግን ሁልጊዜ ፕሮ ይጭናል፤ ምክንያቱም ሁሉም ደንበኛ ፕሮ ይሻላል ብሎ ያስባል። የሆም ቁልፍ ፕሮን አይከፍትም። ስክሪኑ ጥግ ላይ «አክቲቬት ዊንዶውስ» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ጠጋኙም «ላይሰንስ የለውም» ብሎ ክራኩን ያመጣል። ያው ላፕቶፕ ሆም ቢጫንበት ኖሮ ኢንተርኔት እንዳገኘ ራሱ አክቲቬት ይሆን ነበር። ከመሥሪያ ቤት የወጡት ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ቁልፉ አብዛኛውን ጊዜ የፕሮ ነው፤ እነሱ ላይ ያ ፍላሽ ያለ ምንም ክራክ ይሠራል። ክራኩ ሲሠራ አንቲቫይረሱን አጥፉልኝ ይላል፤ ብዙዎቹ እንዲያ ናቸው። የባንክ አፕና የንግድ ሂሳብ የሚሠራበት ማሽን ላይ ይህን መፍቀድ ለእኔ አይዋጥልኝም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ባዮሱ ውስጥ ያለው ቁልፍ የዊንዶውስ 8 ከሆነ ዊንዶውስ 10ን ወይም 11ን አዲስ ለመክፈት አይረዳም። ማይክሮሶፍት ያንን መንገድ በሴፕቴምበር 2023 ዘግቷል። ላፕቶፑ ከዚያ በፊት ወደ ዊንዶውስ 10 አድጎ አክቲቬት ተደርጎ ከነበረ ግን ምዝገባው ስላለ ችግር የለውም። ስለዚህ ዲስኩ ከመውጣቱ በፊት ሴቲንግስ ውስጥ ገብታችሁ ዓይነቱ ሆም ይሁን ፕሮ፣ አክቲቬት ይሁን አይሁን ፎቶ አንሱት። ጠጋኙን «ይሄንኑ ዓይነት ጫንልኝ» ማለት በቂ ነው። ከተቻለ በማይክሮሶፍት አካውንት ግቡ፤ ፈቃዱ ከአካውንቱ ጋር ይያያዛል። ያው አካውንት ዊንዶውስ 10 ላይ ለመቆየት ለሚፈልግም ይጠቅማል፤ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚሰጠው ተጨማሪ የደኅንነት ማሻሻያ የሚመዘገበው በእሱ ነው።

ጠጋኞቹን ብቻ መውቀስም ተገቢ አይደለም። ዊንዶውስ በፍላሽ መጫን ግማሽ ሰዓት ነው። አርጅቶ የደከመ ዲስክን ክሎን ማድረግ ብዙ ሰዓት ነው፤ መሃል ላይ መብራት ከሄደ ደግሞ እንደገና ከአንድ ይጀመራል። ደንበኛው ግን የሚከፍለው ለዲስኩ እንጂ ለሰዓቱ አይደለም። «ለመጫን ብቻ ይህን ያህል?» እያለ ይከራከራል። ክሎን የሚፈልግ ሰው ላፕቶፑን አሳድሮ ለመሄድና ለልፋቱ ለመክፈል ተዘጋጅቶ ይሂድ።

ፍላሽ እና አሮጌው ዲስክ

ኢንተርኔት እንደ ልብ በሆነበት አገር ሪከቨሪ ብዙ አያሳስብም፤ ከማይክሮሶፍት ገጽ ማውረድ ነው። እኛ ጋ ከ5 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል በሞባይል ፓኬጅ ማውረድ የሚያስቆጭ ወጪ ነው። ሰው የጓደኛውን ወይም የሱቁን ቅጂ የሚጠቀመውም ለዚህ ነው። የሱቁ ቅጂ ውስጥ ምን እንደተጨመረ ደግሞ አይታወቅም።

ስለዚህ ላፕቶፑ ጤነኛ ሳለ 16 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ የሆነ ፍላሽ ግዙና ሪከቨሪ ድራይቭ ሥሩ። ስታርት ላይ «ሪከቨሪ ድራይቭ» ብላችሁ ፈልጉት። «የሲስተም ፋይሎቹንም ጨምር» የሚለውን ምልክት ካደረጋችሁ ዊንዶውስን ሙሉ በሙሉ የሚመልስ ፍላሽ ይወጣላችኋል፤ ከኢንተርኔት ምንም አይወርድም። ዊንዶውስ 8 ላይ ያለው ይኸው መሣሪያ የፋብሪካውን ክፍል ራሱን ወደ ፍላሽ ይገለብጠዋል፤ ክፍሉን በትክክል ማዛወር ለሚፈልግ ከሁሉም ቀላሉ መንገድ ይህ ነው። ኤችፒዎች ላይ የራሳቸው ሪከቨሪ ማናጀርም አለ። ፍላሹ ሲሠራ ግን ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ መዝሙሩንም መንዙማውንም አስቀድማችሁ አውጡ።

ድራይቨሮቹንም ለብቻ ማውጣት ይቻላል። ፒኤንፒዩቲል የሚባለው ትእዛዝ ላፕቶፑ ላይ የተጨመሩትን ድራይቨሮች በሙሉ አንድ ፎልደር ውስጥ ይሰበስብላችኋል። ከሁሉም የሚያስፈልገው የዋይፋዩ ነው። እሱ ከሌለ ሌላውን ማውረጃ መንገድ የለም፤ የብዙ ሰው አዲስ ዊንዶውስ የሚቆመውም እዚህ ላይ ነው።

አሮጌው ዲስክ ከወጣ በኋላስ? ሱቁ «እዚህ ተወው፣ ከሂሳቡ ይቀነስልሃል» ሊል ይችላል። ዲስኩ ጤነኛ ከሆነ ባትተዉት እመክራለሁ። ሪከቨሪ ፓርቲሽኑ ምንም ሳይነካ ያለው እሱ ላይ ነው። ወደፊት ላፕቶፑን ወደ ፋብሪካ ይዞታው መመለስ ካስፈለገ ያንኑ ዲስክ መልሶ ገጥሞ ቁልፉን መጫን ይቻላል፤ ያኔ ክሎንም ጂፓርትድም አያስፈልግም። እስከዚያው በዩኤስቢ ኬዝ ውስጥ ገብቶ ለመጠባበቂያ ያገለግላል። ሲ የነበረበትን ክፍል ብቻ ፎርማት አድርጉ፤ ሪከቨሪውን አትንኩት።

መስጠት ግድ ከሆነ ፎርማት አድርጎ መስጠት አይበቃም። ፈጣኑ ፎርማት የፋይሎቹን ዝርዝር እንጂ ፋይሎቹን አያጠፋም፤ በነፃ ፕሮግራም የቤተሰብ ፎቶ ተመልሶ ይወጣል። ዲስክፓርት በሚባለው የዊንዶውስ መሣሪያ ውስጥ ያለው «ክሊን ኦል» የሚባለው ትእዛዝ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር በዜሮ ይሞላዋል። 500 ጊጋባይቱን ለመጨረስ ሰዓታት ይፈጃል። ትእዛዙን ከመስጠታችሁ በፊት የዲስኩን ቁጥር ሁለቴ እዩ፤ አንድ ቁጥር ተሳስታችሁ ከሆነ አዲሱን ኤስኤስዲ ነው የምታጸዱት።